ኩሩው ገመድና የቀንዱ ቁልፍ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ገብቶም አልወጣ አለ። ወንዙ የታችኛውን ድልድይ ወሰደ። ከድልድዩ ጋር የመብራት መስመር የተሸከሙት ምሰሶዎች ሄዱ። ከተማው መብራትን በፈረቃ ተካፈለ፤ ለአንዱ ሰፈር ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ፣ ለአንዳንዱ ምንም። ዳቦ ተወደደ። ሻማ ከዳቦ የባሰ ተወደደ። ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፤ ግድግዳ ያልበዋል፤ ሕፃናት ሲያስሉ ያድራሉ። ሰው ስልኩን ጉያው ከትቶ ሶኬት ፍለጋ ይዞራል፤ ድሮ እሳት ለመጫር ጎረቤት ይኬድ እንደነበረው።

ልብስ ሰፊው የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሶ፣ የጥንቷን በእግር የምትረገጠውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። አቧራዋን ጠረገ። ዘይት ጠብ አደረገላት። ትንሽ አጉረመረመችና ሠራች። «አሮጌ ወዳጅ አይከዳም» አለ። ለሚስቱ ነው ያላት ወይስ ለመኪናዋ፣ ሚስቱ አልጠየቀችም። ሰውየው ቃል የሚያወጣው ጨርቅ እንደሚቆርጠው ነው፤ አስቦ፣ ለክቶ፣ ቅዳጅ ሳያተርፍ።

በዚያ ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት የልጁን ስልክ በመሐረብ ጠቅልሎ ባለ ጄኔሬተሯ ዘንድ ሄደ። ልጁ ነርስ ናት። ከሌሊት ተራ ወጥታ ተኝታ ነበር። ባለ ጄኔሬተሯ ከአትክልት ተራው ጥግ በቆርቆሮ በተሠራች ኪዮስክ ውስጥ የሰው ስልክ ትሞላለች። ጄኔሬተሩ ከውጭ በሰንሰለት ታስሮ ይጮሃል፤ እሷም ከሱ በላይ ትጮሃለች። በሩ ላይ በኖራ ሁለት መስመር ጽፋለች። የሁሉ ገመድ፣ አምስት። ኩሩው ገመድ፣ አስራ አምስት።

የሰፈሩ ሰው ገመዶቹን የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። የሁሉ የሚባለው ከየትም ፋብሪካ ይውጣ ብዙው ስልክ የሚቀበለው፣ ከጎረቤት ተውሰው የሚሰኩት ነው። ኩሩው ደግሞ አንድ ኩባንያ ለራሱ ስልክ ብቻ የሠራው ነው። የሱ ጫፍ ሌላው ስልክ አይገባም፤ የሌላውም ጫፍ እሱ ስልክ አይገባም። የሰፊው ልጅ ስልክ ከኩሩዎቹ ወገን ነበር።

«ምነው ልጄ» አለ ሰፊው ጽሑፉን አንብቦ፣ «ይቺኛዋ ስልክ መብራት በጭልፋ ነው እንዴ የምትጠጣው?»

«ጋሼ፣ መብራቱማ እኩል ነው። ገመዷ ናት ኩሩ። የሁሉው አስር ገመድ አለኝ፤ ቢበጠስ ከማንም እገዛለሁ። የኩሩዋ ግን አንዲት ናት፤ ዋጋዋም የአስሩን ያህል ነው። ሰው ተሰልፎ ይጠብቃታል። እኔ ምን ላድርግ?»

ከኋላው የተሰለፈ ሰው ሳቀ። «ኩሩ ልጅ ያሳደገ ይከፍላል!»

ሰፊው ከፈለ። የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና ጠበቀ። ሲጠብቅ ቁጣው እንደ ካውያ እየጋለ ሄደ። የሁሉ ገመድ ያላቸው እየመጡ ሰክተው፣ ሞልተው፣ እየሳቁ ሄዱ። እሱ ከኩሩዎቹ ጋር ቀረ። በልጁ ስልክ ልጁ ትቀጣለች፤ ለምን? ቀዳዳው ስለ ጠበበ? አንድ ቀዳዳ ሠርተው ሰውን በቀዳዳው አሰሩት አለ በልቡ። ንግግሩ ጥሩ መሰለው። ለምሳ የሚመጡት ሰዎች ፊት ሊናገረው አስቀመጠው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው በአዘቦት ቀን ሱቅ ነው፤ በእሑድ ሳሎን። ሚስቱ የጨርቅ ጥቅሎቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ፣ መቁረጫ ጠረጴዛውን የጠረጴዛ ልብስ አልብሳ የምግብ ጠረጴዛ አድርጋዋለች። የእግር መኪናዋ ብቻ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ከባድ ናት። ሚስቱ ከብርዱ የተነሳ ካፖርቷን ለብሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ካፖርቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በተጋቡ ዓመት እሱ ራሱ የሰፋላት ነው። ትከሻው እስከዛሬ አልወደቀም፤ ገበሩ አልተተረተረም። አራት ቁልፍ ነበሩት፤ ሦስት ቀርተውታል። ሁለተኛው፣ ነፋስ የሚገባበት፣ ደረት ላይ ያለው የለም። በቦታው መርፌ ቁልፍ ተወግቷል።

እሱ እየተዘዋወረ ያቺን ያስቀመጣትን ንግግር ሞከራት። «አንድ ቀዳዳ ሠርተው ሰውን በቀዳዳው አሰሩት! አስራ አምስት! ይሄ ንግድ ነው? ይሄ ወጥመድ ነው።»

ሚስቱ ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። «ቀዳዳ ስለ መሥራትማ አንተን የሚያህል የለም» አለች።

ሰፊው መቀሱን ፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉብዝናው ጊዜ የፋብሪካ ልብስ በጭነት መኪና ወደ ከተማው መግባት ጀመረ። ደንበኛ ሳሳ። ከሱ ያሰፋ ሰው እንኳ ቁልፍ ሲወልቅበት መንገድ ዳር የሚጠግን ዘንድ ይሄዳል፤ ከዚያም እዚያው ይለምዳል። ሰፊው አሰበ። አንድ ቀንድ ሠራተኛ ዘንድ ሄዶ የራሱን ቁልፍ አሠራ። ክብ አይደለም፤ ማዕዘኑ የለዘበ ባለ ሦስት ጎን ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ጥቁር ማር የሚያበራ። ቀዳዳውንም በዚያው ልክ ቆረጠ። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ቁልፍ ይሾልካል፤ ትልቁ አይገባም። ቁልፉ የወለቀበት ሰው ወዶም ሳይወድም ወደ እሱ ይመለሳል። ጥቂት ዓመት ሠራ፤ በረታም። ከዚያ ቀንድ ሠራተኛው ከተማውን ለቆ ሄደ፤ የቁልፉ ሣጥንም አለቀ። ሰፊው ሳይናገር ወደ ተራው ቁልፍ ተመለሰ። ያ ሁሉ ካፖርት ግን ሰው ትከሻ ላይ ቀረ።

የሚስቱ ቁልፍ የወለቀው ሣጥኑ ባለቀ ማግስት ነው። ልጅቱ ገና የእቅፍ ልጅ ሳለች ነክሳ በጠሰችው፤ ከደጅ ቱቦ ገባ። «ነገ እሰፋልሻለሁ» አላት። በዚያ ቀን ሌላ ቁልፍ ለመስፋት ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኖ እንደገና መቁረጥ ነበረበት። በዚያ ካፖርት ላይ ጠባሳ ማየት አልፈለገም። ነገ አለ። በማግስቱም ነገ አለ። እሷም መርፌ ቁልፏን ወጋችና ነገን ስትጠብቅ ልጅቱ ነርስ ሆነች። አልተጣሉበትም። ብቻ በየክረምቱ መጀመሪያ ካፖርቱን ከሣጥን ስታወጣ ቀና ብላ ታየዋለች፤ እሱም መቀሱን ይፈልጋል።

ልጅቱ ከቀትር በፊት ነቃች። ዓይኗ አብጧል፤ ከእንቅልፍ ብቻ አይደለም። የዛሬው ምሳ የሷ ነው። የሚያገባት ልጅ ከአባቱ ጋር ይመጣል፤ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል። እስከዛሬ ሲመላለስ የነበረው የልጁ አጎት ስለሆነ አባትየውን ማንም አላያቸውም፤ አናጢ እንደሆኑ ብቻ ይታወቃል። ልጁ የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ሲሄድ የሆስፒታሉ ነርሶች ለሙሽሮቹ ታብሌት ሊገዙ ተማከሩ፤ ለቤታችሁ የትኛው ይሁን፣ ሰኞ ንገሩን አሉ። እሷ ኩሩው አለች። እሱ የሁሉው አለ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«በገመድ ጋብቻ ሲፈርስ ዛሬ ልናይ ነው?» አለ ሰፊው።

«በገመድ አይደለም አባዬ» አለች ፀጉሯን እያሰረች። «‹አንቺ አይገባሽም፤ እኔ የመብራት ሰው ነኝ› አለኝ። ዛሬ በገመድ ያልሰማኝ ነገ በምን ይሰማኛል? ይሄን ሳላውቅ ቀን አይቆረጥም።»

እናቷ የተከተፈውን ሽንኩርት ወደ ድስቱ ገለበጠች። ሰፊው ወንበሮቹን ቆጠረ፤ ይበቃሉ። ደግሞ ቆጠራቸው። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

እንግዶቹ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ልጁ ረጅም ነው፤ በሩን ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ሰፊው ደስ ባይለውም የቤት ጌታ ነውና ቀለደ።

«መብራቱን የት ጥለኸው መጣህ?»

«ከኋላ እየመጣ ነው ጋሼ። ጭቃ ይዞት ነው።»

አባትየው አጠር ያሉ፣ ሰፊ መዳፍ ያላቸው፣ ድምፃቸው ቤቱን የሚሞላ ሰው ናቸው። ሚስቲቱን ጨብጠው፣ ልጅቱን ግንባሯን ስመው፣ ሰፊውን አቀፉት። ሰፊው ሲያቅፋቸው እጁ የካፖርታቸውን ጀርባ ነካ። እጁ ከዓይኑ ቀድሞ አወቀ። የጀርባው ስፌት የሱ ነው። የትከሻው አጣጣል የሱ ነው። ኮሌታውን ያገላበጠው እሱ ነው። ሰላምታው አልቆ ራቅ ሲል ዓይኑን ወደ ደረታቸው ጣለ። አራት ቁልፍ፣ ባለ ሦስት ጎን፣ በልኩ። ቀንድ ግን አይደለም። እንጨት ነው።

ሰፊው ተቀመጠ። እነዚያን የእንጨት ቁልፎች ያውቃቸዋል። ከዓመታት በፊት ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ላይ አያቸው፤ ከዚያ አንዲት ባለ ሱቅ ላይ፤ ከዚያ ሰልፍ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ። እሱ በቆረጠው ቀዳዳ የሌላ ሰው ቁልፍ ይገባል፤ ይወጣል። ደሙ ፈላ። ማን ነው የሚሠራው ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰበቀ። ባገኘው ምን እንደሚለው እየሰፋ ያወጣ ያወርድ ነበር። የእንጨት ቁልፍ ከአናጢ ሌላ ማን ይሠራል? አሁን ሰውየው ራሱ ከነቁልፉ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ድንቹን እያደነቀ ነው።

ሚስቱ ወጥ እንዳይነካባት ካፖርቷን አውልቃ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ቤቱ በሰው ሙቀት ሞቀ። ተበላ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ። ሙሽሮቹ ግን አይተያዩም። ጨው ሲያስፈልግ እንኳ በሽማግሌ ነው።

«አባዬ፣ ጨው ከዚያኛው በኩል ያቀብሉኝ በልልኝ።»

ልጁ ጨውን ለአባቱ ሰጠ፤ አባትየው ለሰፊው፤ ሰፊው ለልጅቱ። ጨውዬው አገር ዞሮ ደረሰ። አናጢው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ጨው ደከመው» አሉ። «ልጄ ነገሩን በመንገድ ነግሮኛል። እዚሁ እናውጣው። አንቺ ተናገሪ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ቀና አለች። ስትናገር ወደ አናጢው ነው፤ ቃሉ ግን አልፎ እንዲሄድ ከፍ ታደርገዋለች። «ለልጅዎ ይንገሩልኝ አባባ። ክፍላችን ባለፈው ወር አንዲት እናት እጇ ተቃጥሎ መጣች። ከመንገድ የገዛችው የሁሉ ገመድ ነው፤ ትራስዋ አጠገብ ቀለጠ። የሁሉ ሲባል የማንም ማለት ነው። ጫፉ ይመሳሰላል፤ ውስጡን ማን ያውቃል? አንዱ ይሞላል፤ አንዱ የሞላ ያስመስላል። የኔን የሠራው ግን ይታወቃል። ቢበላሽ ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። አይገባሽም ብሎኛል። ቁስሉን ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ።»

ልጁ ወደ ሰፊው ዞረ። «ለልጅዎ ይንገሩልኝ ጋሼ። መጥፎ ገመድ እንዳለ አልካድኩም። ግን እኛ ሥራ መኪናችን ውስጥ ሰባት ሰው ነን፤ አንድ ገመድ ናት ያለችን። ከምሰሶ የወረደ ይሰካል፤ የሚወጣ ይነቅላል። ብትበጠስ ከማንም እንዋሳለን። የሷ ስልክ ስትሞት ግን ሰፈሩን ትዞራለች። ጠዋት ደውዬ ስልኳ ዝግ ሲሆን እኔ ምን እንደሚሰማኝ ይጠይቋት። ደግሞ ያ ኩባንያ አንድ ቀን ጫፉን እለውጣለሁ ቢልስ? የቤታችንን መሳቢያ ይክፈቱት፤ የሞተ ገመድ ተጠማዞ የእባብ ጉድጓድ ነው የሚመስለው። አይገባሽም ያልኩት ግን . . .» ቆመ። ጆሮው ቀላ። «እሱን ተናድጄ ነው።»

«ተናድዶ ነው አለ» አሉ አናጢው ለልጅቱ፣ እንዳልሰማች ሁሉ።

«ሰምቻለሁ አባባ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ። ሁሉም ወደ ሰፊው አዩ፤ ቤቱ የሱ ነው፤ ፍርዱም የሱ። ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ያስቀመጣት ንግግር ምላሱ ጫፍ ላይ ናት፤ አንድ ቀዳዳ ሠርተው። አራቱ የእንጨት ቁልፎች ከማዶ አፍጥጠው አዩት። ሚስቱም አየችው።

«እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው ለአናጢው።

አናጢው ይሄን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «እንግዲህ እርስዎም የሙያው ሰው ነዎት፤ ይፍረዱኝ። ይሄን ካፖርት ያያሉ? አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው የሰጡኝ፤ በር ገጥሜላቸው። እንዲህ ያለ ስፌት በዕድሜዬ አላየሁም። ቁልፎቹ ግን ሁሉም ረግፈዋል። ምን ችግር አለ ብዬ ገበያ ወጣሁ። አንዱን ሞከርኩ፣ ሾለከ። ሌላ፣ አልገባም። ሌላ፣ አሁንም። ባለ ቁልፉ ሴትዮ ሳቀችብኝ፤ ‹ያ ሰፊ ነው! የሱን ካፖርት የለበሰ እስከ መቃብሩ ደረቱ ይበርደዋል› አለችኝ። ለካስ ጮሌው ቀዳዳውን ሆን ብሎ ለራሱ ቁልፍ ብቻ ቆርጦታል!»

ልጅቱ ሳህኗን ታይ ጀመር። የሚስቲቱ እጅ ወደ አፏ ሄደ።

«ንዴት ያዘኝ» አሉ አናጢው። «ይሄ ሰፊ አይደለም፣ ወጥመድ ሠሪ ነው አልኩ። ለካሁት። ቁርጥራጭ ጠንካራ እንጨት አነሳሁ፤ ሞረድኩ፣ በሳሁ፣ ዘይት አጠጣሁ። ገባ! ሲገባ የነበረኝን ደስታ ምን ልበልዎት፤ ባንክ የሰበርኩ መሰለኝ። ከዚያ ወሬው ዞረ። ደረቱ የተከፈተ ሁሉ ወደኔ መጣ። ቁልፉን ተቀብሎ ሲወጣ ያን ሰፊ ሳይረግም የሚወጣ የለም። አንዱማ ‹ጣቱን መርፌ ይውጋው› አለ። ሰፊ እኮ ነው፣ በየቀኑ ይወጋዋል አልኩት!»

የሚስቲቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጁ አባቱ ምን እየሠሩ እንደሆነ ባይገባውም ከልጅቱ ፊት አንድ ነገር አነበበ፤ የአባቱን እግር በጠረጴዛው ሥር ነካ። አናጢው እግራቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ።

«እርስዎ ያውቁት ይሆን? በሙያው ስላሉ ነው።»

«ባገኙት ምን ይሉታል?» አለ ሰፊው። ድምፁ ደርቋል።

አናጢው አሰቡ። ቀልዱ ከፊታቸው ሄደ። የእጅጌያቸውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ። ለምን? እላለሁ። እጁ እንዲህ ያለ ሰው፣ ለስፌቱ ሲል ብቻ ሰው የማይመለስለት መስሎት ነው?»

ሰፊው የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እጥፋት አስተካከለ። ደግሞ አስተካከለው። ይሄን ጥያቄ አልጠበቀም። ለስድቡ መልስ ነበረው።

«ፈርቶ ነው» አለ።

«ማን?»

«ሰፊው። የፋብሪካው ልብስ ተራራ አክሎ ሲገባ አየ። አዲስ ጎጆ ወጥቷል፤ ነገ ልጅ ይመጣል። እጄ ይበቃል ብሎ አላመነም። ፈራ።»

«እንዴ፣ ያውቁታል ማለት ነው!»

ያን ጊዜ ሚስቱ ተነሳች። ወደ በሩ ሄዳ ካፖርቷን ከሚስማሩ አወረደች፤ አምጥታ አናጢው ጉልበት ላይ አኖረችው። እሳቸውም አዩት። ሦስት የቀንድ ቁልፍ፣ እንደ ጥቁር ማር የሚያበሩ። አንድ መርፌ ቁልፍ። ቀና ብለው የጨርቅ ጥቅሎቹን አዩ፤ የእግር መኪናዋን አዩ፤ ሰፊውን አዩ። ቤቱን የሚሞላው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ወንበራቸውን ገፍተው ቆሙ።

«ወጥመድ . . .» አሉ። «ወጥመድ ሠሪ ያልኩት . . . ይቅር በሉኝ ወንድሜ . . .»

ሚስቲቱ አልቻለችም። ሳቋ ፈነዳ። ሃያ ምናምን ዓመት ታምቆ የቆየ ሳቅ ነው፤ ወንበር ያዘች፣ ጠረጴዛ ያዘች፣ በመጨረሻ የአናጢውን ክንድ ያዘች። «ጣቱን መርፌ ይውጋው!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ወግቶታል! ወግቶታል!» ልጅቱ ተከተለች። ልጁ ፈርቶ ቆየና ለቀቀው። ከዚያ የሰፊው ጢም ተንቀሳቀሰ። እንደዚያች ከአልጋ ሥር እንደወጣች መኪና ትንሽ አጉረመረመና፣ ሳቀ። ልጅቱ አባቷ ሲስቅ አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ የራሷን ሳቅ ትታ ታየው ጀመር።

«እኔ ደግሞ እርስዎን ስንት ዓመት ፈለግኩዎት መሰለዎት!» አለ። «በመቀስ ነበር የምቀበልዎት። ተቀመጡ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ።»

አናጢው ተቀመጡ። ካፖርቱ ግን ከጉልበታቸው አልወረደም። የቀንዱን ቁልፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው አገላበጡት። «እውነቱን ላውራ» አሉ። «የኔ የመጀመሪያዎቹ በአንድ ክረምት ተሰነጠቁ። እንጨቱን ሦስት ጊዜ ለወጥኩ። የርስዎ ግን ጭረት እንኳ የለበትም።»

«አላልኳችሁም!» አለች ልጅቱ። «ኩሩ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«አንዱ ሲወልቅስ?» አለ ልጁ። ቃሉን የወረወረው በቀጥታ ለሷ ነው፤ በሽማግሌ አይደለም። ሁለቱም አላስተዋሉትም።

ልጅቱ መልስ ነበራት። ዓይኗ መርፌ ቁልፉ ላይ አረፈ። ይቺን መርፌ ቁልፍ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ እናቷ ስታቅፋት ጉንጯን ትቀዘቅዛት የነበረች ናት። የካፖርቱ አካል ትመስላት ነበር።

«እማዬ፣ እሱን ማን ነው የበጠሰው?»

«አንቺ ነሻ። ሁለት ጥርስ ይዘሽ።»

ልጅቱ ካፖርቱን ከአናጢው ጉልበት ወስዳ የጎደለውን ቦታ በጣቷ ነካችው። ወደ ልጁ ዞረች። «እሺ። ታብሌቱ የሁሉው ይሁን። ገመዱን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ከመንገድ የተገዛ ገመድ ቤቴ አይገባም።»

«አይገባም» አለ ልጁ። «እኔም ዳግመኛ አይገባሽም አልልም።»

«ስልኬ ደግሞ እስክትሞት ኩሩ ናት።»

«ለገመዷ ሶኬቱ አጠገብ የራሷን ሚስማር እመታላታለሁ። ለብቻዋ ትሰቀላለች፤ እንደ ንግሥት።»

«ሚስማሩን እኔ ነኝ የምመታው» አሉ አናጢው፤ «አንተ ምሰሶህን ውጣ።» ድምፃቸው ተመልሷል። ቀኑም እዚያው ተቆረጠ፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ድልድዩ ሲጠገን፣ በመጀመሪያው እሑድ። እስኪጠገን ጠብቁ ሲባል ልጁ «ቶሎ ይጠገናል፣ እኔ ራሴ እሠራበታለሁ» አለና ሁሉንም አሳቀ።

ሻይ ቀረበ። ሰፊው ሻዩን አልነካም። እጁን በጠረጴዛው ላይ ወደ አናጢው ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ።

«ትርፍ ይይዛሉ?» አለ።

አናጢው ወዲያው ገባቸው። የካፖርታቸውን ግራ ጎን ገለጡ፤ ገበሩ ላይ፣ ከውስጥ፣ አንድ የእንጨት ቁልፍ ተሰፍታለች። «አንድ ትርፍ ከውስጥ ይሰፋል፤ ደንቤ ነው። ሰው በቁልፍ ምክንያት ወደኔ እንዲመለስ አልፈልግም።» ይሄን ሲሉ ለነገር አልነበረም፤ ሰፊውም እንደ ነገር አልቆጠረው። መቀሱን አነሳና ክሩን በጥንቃቄ ቆረጠ። ቁልፏን በሁለት ጣቱ ይዞ አያት። ጎኗን ለካ፤ ጠርዟን ዳሰሰ። እንከን ሲፈልግባት ቆየ። አላገኘም።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ይሄንንም ለክቶ ነው ያወጣው፤ ቅዳጅ አልነበረውም።

ጥቁር ሰማያዊ ክር መረጠ። በሰም አሻሸው። መነጽሩን አደረገ። ሚስቱ ሳህን ማንሳቷን ተወች። ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ መርፌ ቁልፉን ፈትቶ ወደ ጎን አኖረና የመጀመሪያዋን ወጋ። ዳስሶ ነበር ቦታውን የሚያገኘው።

እሱ እየሰፋ ሳለ መብራት መጣ። አምፖሉ ጭል ጭል ብሎ በራ፤ የኤሌክትሪክ መኪናዋ ከጨርቋ ሥር እምም አለች። በሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ቤት ሁሉም ወደ ሶኬቱ ይራወጣል፤ ስንቱ ስልክ ደርቆ ተቀምጧል። ማንም አልተነሳም። የመብራት ሠራተኛው እንኳ ወደ አምፖሉ ቀና አላለም። ሰፊው ክሩን ከቁልፉ ሥር ዞር ዞር አድርጎ አጠበቀ፤ ቋጠረ፤ በጥርሱ በጠሰ።

«ነይ» አለ።

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጠችው፤ እሱ ካፖርቱን ያዘላት፤ እጇን አስገባች። ከታች ጀምራ ቆለፈች። ቀንድ፣ ቀንድ። ሁለተኛዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ በልማድ መርፌ ቁልፍ ፈለገ፤ አጣ፤ እንጨቷን አገኘ። ገባች። የላይኛውንም ቆለፈች። ደረቷ ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች፤ ነፋስ የት እንደገባ እንደምታዳምጥ ሰው።

«ነገ ይሄው መጣ» አለች።

መርፌ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ዘጋችው፤ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «እንካ። ብዙ አገልግሏል፤ ጡረታ አውጣው።» ሰፊው መርፌዎቹ በሚቀመጡበት፣ በኮቱ ኮሌታ ውስጥ ሻጠው። ስልኮቹ ትዝ ያሏቸው ከዚያ በኋላ ነው።